የሚንኮሻኮሸው ትራስ

ሰውየውን በስሙ የሚጠራው ቢኖር መታወቂያ የሚያድስለት ሠራተኛ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ጎረቤቱም፣ የድሮ ባልደረባውም "መቀሱ" ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ፣ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ወደ ጠረጴዛቸው ዝር አላለም። ጸሐፊው በእጁ ጽፎ ያመጣል፤ አዘጋጁ ያነብና የማያስፈልገውን በመቀስ ቆርጦ ይጥላል፤ የተረፈውን በንጹሕ ወረቀት ላይ በማጣበቂያ እያያያዘ ወደ ማተሚያው ይልካል። መቁረጡን ሁሉም ይቆርጥ ነበር፤ እንደሱ የሚጨክን ግን አልነበረም። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቃል ካየ አይምርም። ከሱ ጠረጴዛ የተነሣ ጽሑፍ ጢሙን እንደተላጨ ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጸሐፊው ደግሞ ፊቱን አጨፍግጎ።

እሱም ራሱ ጸሐፊ ነበር። ቢያንስ መጻፍ ይጀምራል። ማታ ጽፎ ያደረውን ጠዋት ያነበዋል፣ ይቆርጠዋል፤ በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱ ርዕሱ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ቢሆን አጥጋቢ ሆኖ አያገኘውም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ ኖሮ አንድም መጽሐፍ የለውም። ይህን ሲነግሩት አይከፋም፤ "ያልተጻፈ መጽሐፍ ስሕተት የለበትም" ብሎ ይስቃል፤ ሲስቅም አፉን በእጁ ይሸፍናል።

እንዲህ ላለ ሰው ወዳጅ ሲመረጥለት ማን እንደቀለደበት እንጃ። የልቡ ሰው፣ የቅዳሜውን የልብ ወለድ አምድ የሚጽፈው "በነገራችን" ነበር። ይኸም ቅጽል ስም ነው። ሰውየው ወሬ ሲያወራም ሆነ ድርሰት ሲጽፍ፣ ገና ከደጅ ሳይርቅ "በነገራችን ላይ" ይልና መንገዱን ይለቃል። ስለተሰረቀ ብስክሌት ሊተርክ ይነሣል፤ ከዚያ ጎረቤቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የአክስቱን ጥርስ ያስነቅላል፣ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ብስክሌቱንም ጨርሶ ረስቶት ያርፋል። አንባቢ ነፍሱ እስኪወጣ ቢወደውም አምዷ ጠባብ ናት፣ ግማሹን እንኳ አትችለውም። የቀረው እንግዲህ የመቀሱ ሥራ ነው።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ጦርነት ነበር። መቀሱ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አስቀምጦ ይቆርጣል፤ በነገራችን ከጎኑ ቆሞ በአንድ እጁ ደረቱን ይዞ ያቃስታል።

"ቀስ በል እንጂ! ሥጋዬን እኮ ነው!"

"የአክስትህ ጥርስ ከብስክሌቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?"

"አክስቴ ብስክሌት አትወድማ።"

"ስለዚህ ትውጣ።" ከች! የወረቀቱ ቁራጭ መሬት ይወድቃል።

በነገራችን አጎንብሶ ቁራጩን ያነሣል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ የኮቱ ኪስ ውስጥ ይከታል። መቀሱ አንድ ቀን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠይቆት ነበር። "አንተ ጥለኸዋል፤ ከጣልከው በኋላ ምን አገባህ?" ነው መልሱ። ሌላው ባልደረባ ሚስቱ ምድጃ ታያይዝበት ይሆናል ብሎ አማው፤ በነገራችንም አላስተባበለም።

ዓርብ የተጣሉት ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ይታረቃሉ። የሚታረቁት በነገራችን ቤት ነው። ቤቱ ከመንገዱ ጥግ ያለች፣ ሳሎኗ ለሦስት ሰው የምትጠብ፣ መስኮቷ ግን ሙሉ ፀሐይ የምታስገባ ቤት ናት። የበነገራችን ሚስት ዘመኗን ሁሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረች መምህርት ስትሆን፣ ሰፈሩ በሙሉ "ቲቸር" ይላታል። መቀሱ ሲገባ ባልየው ከተቀመጠበት ሳይነሣ "የመቀሱን ወንበር አምጡለት!" ብሎ ይጮኻል፤ ቲቸርም ከመስኮቱ ሥር ዝቅ ያለችውን የእንጨት ወንበር ስባ፣ አረንጓዴ ትራስ ታነጥፍበታለች። ትራሱን የሰፋው ራሱ በነገራችን ነው። ስፌቱ እንደ ድርሰቱ ነው፤ ከአንዱ ጥግ ይነሣና ወደ መሐል ዞሮ፣ ክሩ አልቆ፣ በሌላ ቀለም ክር ይቀጥላል።

መቀሱ ሲቀመጥበት ትራሱ ክሽ ይላል። ሲነቃነቅ ክሽ፣ ሻይ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ክሽ ክሽ። ያኔ በነገራችን ጢሙ ሥር ፈገግ እያለ ትክ ብሎ ያየዋል፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። መቀሱ ግን ቃል አይወጣውም። ሰው የገዛ እጁን አድምቶ ትራስ ሰፍቶልህ፣ ምን ሞላህበት ብለህ ልትጠይቅ ነው? ጭድ ይሆናል፤ ጥጥ መግዣ አጥሯቸው ይሆናል። የሰው ቤት ጉድለት በአደባባይ አይቆጠርም። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ይዞት፣ ጎልማሳ ሆኖ የተቀመጠበት ትራስ ላይ ሸበተ።

በነገራችን ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ነፍሱን ይማረውና፣ ሞቱ ብቻ ነው ሳይዞር በቀጥታ የመጣው፤ አንድ ሳምንት አመመው፣ አለቀ። ልጅ አልነበራቸውም፣ መጽሐፍም አላሳተመም። የቀረው ነገር ቢኖር አይጦች የሚበሉት የድሮ ጋዜጣ ነው። መቀሱ ከቀብሩ ሲመለስ ይህን አስቦ፣ እንዲህ ያለ ሰው ተረስቶ እንዲቀር አልፈቅድም ብሎ ማለ። ደግነቱ፣ እሱ ምንም ነገር የማይጥል ሰው ባይባልም፣ ከማተሚያ የተመለሱትን የወዳጁን የተጣበቁ ረቂቆች በሙሉ በካርቶን አድርጎ ቤቱ አስቀምጧቸዋል። እነሱን በተራ አስይዞ፣ ምርጥ ምርጡን መርጦ፣ ነርስ የሆነች ልጁ ከሥራ በምታርፍባቸው ቀናት እየተየበችለት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፋ። ጡረታ የወጣ ሰው መሆኑን እስኪረሳው ድረስ ደስ እያለው ለፋ።

ማተሚያ ቤትም ተገኘ። ባለቤቱ በልጅነቱ የቅዳሜውን አምድ እየቆረጠ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ የነበረ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ወረቀቱን ብቻ ይቻሉኝ እንጂ በነፃ አትምልዎታለሁ" አለው። "ግን በዚህ ወር ውስጥ ያምጡልኝ። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከገቡ በኋላ ማሽኑን እስከ ከርሞ አያገኙትም።" መቀሱ እስከ ከርሞ የሚለውን ቃል አልወደደውም። ጉልበቱም ልቡም እንደ ድሮው አይደሉም፤ መጽሐፉን ሳያይ ቢሄድ ካርቶኑን የሚከፍተው ሰው እንደማይኖር ያውቃል።

ከመላኩ በፊት ለቲቸር ሊያነብላት ፈለገ። ያለሷ ምርቃት መጽሐፍ ማውጣት ድፍረት መሰለው። እሑድ ሄዶ ትራሱ ላይ ክሽ ብሎ ተቀመጠ፣ የብስክሌቱን ታሪክ ከፍቶ ድምፁን ሞርዶ አነበበ። ብስክሌቱ ተሰረቀ፣ ተፈለገ፣ ተገኘ። ቲቸር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ጆሮዋን ቀስራ ስታዳምጥ ቆየች።

"አለቀ?" አለችው እሱ ሲያበቃ።

"አለቀ። እንዴት ነው?"

"ደስ ይላል። ጎበዝ ጸሐፊ ነው።" የቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች። "ማነው ግን?"

መቀሱ ክው አለ። "ምን ማለትሽ ነው ማነው? ባልሽ ነው እንጂ!"

"አትቆጣ። ይሄ ሰውዬ ቶሎ ይደርሳል። የኔ ሰው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የትም ቶሎ ደርሶ አያውቅም፤ ሰርጋችን ላይ ራሱ አርፍዶ ነው የመጣው። ጽሑፉን ቤት ጮክ ብሎ ሲያነብ ወጥቼ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ገና አክስቱ ጋ ነበር።" ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "አንተ ምን ታደርግ። አምዷ ጠበበችህ።"

ያን ዕለት ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ረቂቁን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበው። አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ አንድ የሚወጣ ቃል የለበትም። ሲያነብ የሚሰማው ድምፅ ግን የራሱ ነው። ወዳጁን ከሞት ላድን ብሎ ሁለት ዓመት ሲደክም፣ ያዳነው የገዛ መቀሱን ኖሯል። ይህን ሲረዳ አፈረ፤ ብቻውን በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

የቆረጠውን ለማስታወስ ሞከረ። መቁረጡን ያስታውሳል፣ ቁራጩን አያስታውስም። ቢቸግረው "በነገራችን ላይ" ብሎ ጀምሮ ራሱ ሊጽፍለት ተነሣ። የአክስትየዋን ጥርስ ሊያስነቅል ገብቶ ወዲያው አስነቅሎ ወጣ። ልጁ የጻፈውን ስትተይብ በሳቅ ፈረሰች።

"አባዬ፣ አንተ ስትቀባጥር እንኳ ሰዓት ታከብራለህ!"

"እኔስ ምን ላድርግ?" አለ፤ አልሳቀም። ልጁም ይህን አይታ ሳቋን ዋጠችና ሻይ ልታፈላለት ተነሣች።

ማተሚያ ቤቱ በዚያ ሳምንት ደወለ፤ ከሚመጣው ሐሙስ ያለፈ እንደማይጠብቅ ተናገረ። መቀሱ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ቁርጡን ወሰነ። በወዳጁ ስም የራሱን ድምፅ አያሳትምም። መጽሐፉ ይቅር። ግን ይህን ለቲቸር በስልክ አይነግራትም፤ ፊት ለፊት ቀርቦ፣ አቅቶኛል ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ይመጣል።

እሑድ ደረሰ። ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበር ተቀመጠ፤ ትራሱ ክሽ አለ። "ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት" ብሎ ጀመረ፤ ትራሱ ክሽ አለ። "መጽሐፉን በተመለከተ..." ክሽ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ክሽ ክሽ። ሳምንቱን ሙሉ በሆዱ ሲያምቀው የሰነበተው ንዴት መውጫ አጥቶ ኖሮ በዚያው ፈነዳ።

"ኧረ ይሄ ትራስ! ለመሆኑ ምንድን ነው የሞላችሁበት?"

ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ስንት ዘመን የጠበቀው ይሉኝታ በአንድ ቃል ተንኮታኮተ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አሞኝ ነው..." ሲል ቲቸር የሻይ ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች።

"ምን አልክ?"

"ምንም።"

"አይ፣ ጠይቀሃል! ሰምቻለሁ፣ ጠይቀሃል!" እጇን አጨበጨበች፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እንደገናም ተመልሶ ሳቅ ሆነ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ያህል ዘመን ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው? እሱ እኮ እስኪሞት ድረስ ጠብቆሃል! እሑድ እሑድ በወጣህ ቁጥር 'ዛሬም አልጠየቀኝም' እያለ ይበሳጫል። ንገረው ስለው፣ 'ካልጠየቀ አይነገረውም፣ እኔ ብሞትም እንዳትነግሪው' ብሎ አስምሎኛል።"

"ምኑን ነው የማይነገረኝ?"

"ተነሣልኝ።"

ተነሣ። ቲቸር ትንሽ መቀስ አምጥታ አረንጓዴውን ትራስ በጉልበቷ ይዛ ያንን ዙሪያ ጥምጥም ስፌት ከጥጉ ፈታችው። እጇን ሰዳ ስታወጣ የወረቀት ቁራጭ ጨብጣለች። ከዚያ ትራሱን ዘቅዝቃ ብታራግፈው ሳሎኑ መሐል የወረቀት ክምር ሆነ፤ ቢጫ የሆኑ፣ የተጨማደዱ፣ በበነገራችን ትልልቅ ፊደላት የተሞሉ ቁርጥራጮች። መቀሱ አንዱን አነሣ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ጥርስ የመሰለች ምልክት አለች፤ የቢሮው መቀስ ጫፉ ላይ ሸራፋ ነበር። የገዛ እጁን ሥራ ወዲያው ለየው።

"'ዓርብ የሚጥለውን እሑድ ይቀመጥበት' ነው ያለው" አለች ቲቸር እንባዋን እየጠረገች። "ትራሱ ተጨፍልቆ ዝቅ ባለ ቁጥር እየፈታ ይጨምርበት ነበር።"

መቀሱ መነጽሩን አደረገና የያዘውን አነበበ። "በነገራችን ላይ፣ ይህን ስጽፍ ወዳጄ ጎኔ ቆሞ ብስክሌቱ የት ደረሰ እያለ ያዋክበኛል። ብስክሌቱ የትም አይሄድም፤ ሌባው እንደሆነ መንዳት አይችልም። እኔ ግን የአክስቴን ጥርስ ሳላስነቅል ከዚህ አልነቃነቅም።" አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ሌላ አነሣ። በዚህኛው ላይ አንድ አዲስ ተቀጣሪ የወንድሙን ኮት ለብሶ፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጦበት፣ በመጀመሪያ የሥራ ቀኑ የዋና አዘጋጁን ጽሑፍ ሲቆርጥ ይታያል። ሌላም አነሣ። "በነገራችን ላይ፣ ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት የወጣውን ታሪክ የወደዳችሁ አንባቢዎች ምስጋናችሁን ወደ ሌላ ሰው አዙሩት። እኔ አልጻፍኩትም። የጻፈው ሰው በስሜ አውጥቶት፣ ዝም ብሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣ።"

መቀሱ ይህችን ሲቆርጥ ትዝ አለው። "አምዱ የኔ ማመስገኛ አይደለም" ብሎ ነበር፤ እንኳን ሊያመነታ ቀና ብሎ ወዳጁን አላየውም። አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጦ እያገላበጠ ሲያነብ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ራሱ አለ። በየሳምንቱ ወዳጁ መንገድ የሚስተው፣ ብዙውን ጊዜ፣ ወደሱ ሊመጣ ኖሯል። እሱ ደግሞ ከርዕሱ ጋር አይሄድም እያለ ራሱን ከወዳጁ ድርሰት ውስጥ እየቆረጠ ሲያወጣ ኖረ። አልቅሶ የማያውቅ ሰው አይደለም፤ እንደዚያን ቀን ግን ደስ እያለው አልቅሶ አያውቅም።

ቲቸር አላባበለችውም። "በል፣ ሐሙስ ሩቅ አይደለም" አለችና ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋችው።

ልጁ ተጠርታ መጣች፤ ከሥራ ስትወጣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ። የካርቶኑ ረቂቆች መጡ። ሦስቱ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክከው ቁራጩን ከተቆረጠበት ገጽ ጋር ሲያገጣጥሙ ሰነበቱ። ቀለሙ ሲመሳሰል መቀሱ ጠርዙን ያስጠጋል፤ ሸራፋዋ ከሸራፋዋ ከገጠመች "አገኘኋት!" ብሎ ይጮኻል፤ ቲቸር ማጣበቂያ ትቀባለች፤ ልጁ ትተይባለች። ያለ ቤት የቀሩ ቁራጮች አልጠፉም፣ አይጥም የቀመሰቻቸው አሉ። ቢሆንም አክስትየዋ ተመለሰች፣ ፀጉር አስተካካዩ ተመለሰ፣ ጎረቤትየው ጣሪያው ላይ ወጣ። መቀሱ አንድ ጊዜ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ስለ ራሱ የሚያወራውን ቁራጭ ወደ ጎን ሊያደርግ ሲል ቲቸር እጁን ቸብ አደረገችው። አንደኛ ክፍል እንዳስተማረች ያኔ በደንብ ታወቀ።

ሐሙስ ማተሚያ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ጥራዙን አንሥቶ በእጁ መዘነው። "ጋሼ! ይሄ እኮ እጥፍ ሆነ! ትንሽ ቢቆረጥ..."

"አይቆረጥም" አለ መቀሱ።

ሰውየው የሰማውን ማመን አቅቶት መልሶ አየው። "እርስዎ ነዎት እንዲህ የሚሉት?"

"እኔ ነኝ። አንድ ቃል አይነካም። ወረቀቱን እጨምራለሁ።"

የቀረው መግቢያው ብቻ ነበር። ባለቤቱ እስከ ማግስቱ ጠዋት ፈቀደለት። መቀሱ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቲቸር ቤት መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ ትራሱ ባዶ ጨርቅ ሆኖ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆርጥ ጻፈ። ስለ ወዳጁ ሊጽፍ ተነሥቶ ስለ ዓርብ ጠዋቶች ጻፈ፣ ከዚያ ስለ ቢሮው የብረት ደረጃ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ስለወደቀው ዋና አዘጋጅ፣ ከዚያ ወድቆ ስለተሰበረው መነጽር። ሲጨርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ለቲቸር አነበበላት።

"ደስ ይላል" አለች። "ግን ረዘመ።"

"ምኑ ነው የረዘመው?"

"መነጽሩ ከባሌ ጋር ምን ያገናኘዋል? ስጠኝ።" ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ስፌት የፈታችበትን ትንሽ መቀስ አነሣች። ከች!

መቀሱ ደረቱን ያዘ። "ቀስ በይ እንጂ! ሥጋዬን እኮ ነው!"

ብሎ ድምፁን ሲሰማ ቃሉ የማን እንደነበር ትዝ አለው፤ ቲቸርም ትዝ አላት።  ከዚያ እሷ ጎንበስ ብላ ቁራጮቹን ከወለሉ ሰበሰበች፣ አቧራውን እፍ አለች፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ከወንበሩ አውርዳ ውስጡ ከተተቻቸው፣ ዘርግታም አነጠፈችለት።

"ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ከሥሩ በጣም በቀስታ፣ ክሽ አለ።

"እንጨቱ ይቆረቁራል" አለ መቀሱ።

"እንግዲያው ጻፍ" አለችው ቲቸር የቀዘቀዘውን ሻይ ልትለውጥለት ብርጭቆውን እያነሣች። "እስኪሞላ ድረስ ጻፍ።"